ጨረቃ ያልከለከለችው ፎቶ

ጓሮው ውስጥ የቆመው ቴሌስኮፕ መሸፈኛ ሸራ ከውስጥ በኩል ርሶ ነበር። ወይዘሮ ውቢት ይህን ያስተዋሉት ግን የልጃቸው የመምህር ያርጋል አስከሬን ከጓሮው በታች ካለው የሊማሊሞ ገደል ወጥቶ ቤት ከገባ በኋላ ነው።

የደባርቅ ሰው «ራሱን ወረወረ» ማለት ጀምሯል።

«አባ፣ ልጄን ያለ ፍትሐት ልቀብረው ነው?» አሉ ውቢት።

«መርማሪዋ እስክትጨርስ ይታገሡ» አሉ ቄስ ሀብተ ሚካኤል፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው።

ኢንስፔክተር ሕሊና ከጎረቤቱ ከቢራራ ጀመረች።

«ማታ ሰማዩን ፎቶ ሲያነሣ በመብራትህ ትጣሉ ነበር አሉ።»

«‹ኮከቤን አጠፋህብኝ› እያለ ሲነዘንዘኝ፣ በጎቼን ለጅብ አጋልጬ አጠፋለት ነበር! ትናንት ግን ‹አብራው፣ ቀዩን ማጣሪያ አስገብቻለሁ› አለኝ።»

ቀጥሎ እንዳለው የተባለው የሟች ባልደረባ መምህር ቀረበ።

«ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተለየሁት። ሙሉ ጨረቃ ነበረች፤ በጨረቃ ጋላክሲ አይነሣም። ተስፋ ቆርጦ ዕቃውን ሲሸፍን ነው የተውኩት።»

«አንተም ታነሣለህ?»

«እንዴታ! የውጭ ትምህርት ዕድል ያገኘሁት በዚህ ፎቶ ነው» ብሎ በስልኩ አንድ ጋላክሲ አሳያት።

ሕሊና ወደ ውቢት ዞረች። «እትዬ፣ ያርጋል እንደጨረሰ ቴሌስኮፑን ወዲያው ይሸፍነዋል?»

«ኧረ! ጤዛው ሳይደርቅ? መስታወቱ ይሻግታል ብሎ አያስነካም።»

ከቀትር በኋላ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ካሜራው ውስጥ ያለው ማጣሪያ ከጋላክሲው ጋዝ የሚመጣውን ቀጭን ቀይ ብርሃን ብቻ ያሳልፋል፤ የጨረቃንም የመብራትንም አብዛኛውን ያስቀራል። ያርጋል እስከ ማታ አራት ሰዓት አንሥቷል። በመጨረሻው ፎቶ ብቻ ኮከቦቹ መስመር ሆነዋል፤ ቴሌስኮፑ ተገፍቷል። ከዚያ ጤዛው ሳይደርቅ ሌላ እጅ ሸፈነው፤ ሸራው ከውስጥ የራሰው ለዚህ ነው። ስለ መሸፈኑ መዋሸት የሚያስፈልገው የሸፈነው ሰው ብቻ ነው።»

«እኔ ለምን ብዬ?» አለ እንዳለው።

«ያሳየኸኝ ፎቶ ዋናው ያርጋል ኮምፒውተር ውስጥ አለ። በዚሁ ማጣሪያ፣ በሙሉ ጨረቃ የተነሣ ነው። ራስህ ብታነሣው ‹በጨረቃ አይነሣም› ባላልክ።»

እንዳለው ስልኩን መሬት ላይ አስቀመጠ። «‹ፎቶዬን ሰርቀሃል፣ አጋልጥሃለሁ› አለኝ… ገፋሁት። ገደሉ ያን ያህል ቅርብ አልመሰለኝም።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት ገደሉን ነበር» አሉ ውቢት። «ለአንተ ግን ትናንት እራት አቀረብኩልህ።»

ቄሱ ተነሡ። «ዲያቆናቱን ጥሩ፤ ፍትሐቱ ይጀመር።»

ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ተበተነ። የጓሮው በር ማታ ማታ ያርጋል እስኪገባ ድረስ ተቆልፎ አያውቅም። ውቢት ቁልፉን ሁለት ጊዜ ይዘው ተዉት። በሦስተኛው ቆለፉ።