የጎደለው አንድ ሜትር

ደላላዋ ከደረጃው ሥር በግንባሯ ተደፍታለች። ታኮ ጫማዋ እግሯ ላይ ነው፤ ከእጇ የማይለየው ሜትር ግን የለም። የካርታ ወረቀት አምና ስለማታውቅ ሰዉ ሁሉ «ወይዘሮ ሜትር» ይላት ነበር። የምታሻሽጠውን ቤት ክፍል በክፍል ራሷ ትለካለች።

«ታኮው አንሸራቷት ነው፣ ምስኪን!» አለ አማችየው። «ከሥራ ስገባ እንዲህ ሆና አገኘኋት።»

ቤቱ የአንዲት አሮጊት ነው። እዚያ የሚኖሩት እሳቸውና ይኼው የልጃቸው ባል ብቻ ናቸው። ልጃቸው ከሦስት ዓመት በፊት ባሏን ጥላ ባሕር ማዶ ሄደች ተብሏል።

መርማሪው ቸኩሎ የማያውቅ ሰው ነው። የሟቿን ጫማ ቀስ ብሎ አወለቀ። የካልሲዋ ሥር በነጭ የልስን ብናኝ ተሸፍኗል። ወደ አሮጊቷ ሄደ።

«እማማ፣ ቤቱን ለምን ሊሸጡ አሰቡ?»

«ልጄን ፍለጋ ልሄድ ነዋ! በእሱ ስልክ መልእክት ትልካለች፣ እሱ ያነብልኛል። ድምጿን ግን አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁም። አንጀቴ አልችል አለ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ አንተ ልጅ እንዳትስቅብኝ፣ ከላይ ሰው ያለ ይመስለኛል። ብቻዬን ስሆን ትጠራኛለች። እሱ እርጅና ነው ይለኛል። ጉልበቴም ደረጃ እምቢ ካለኝ ቆየ።»

«ደላላዋን ሲያዩዋት ምን ታደርግ ነበር?»

«ወለሉ እንዳይጫር ብላ ታኮዋን በር ላይ አውልቃ ወጣች። ጨዋ ልጅ ናት። እኔ ከዚያ ጓሮ ፀሐይ ልሞቅ ወጣሁ።»

ቤቱን ሊገዛ የነበረው መምህር ፊቱ አመድ መስሎ ደረሰ።

«ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ደወለችልኝ» አለ። «‹መምህር፣ አንድ ሜትር ጠፋኝ! ከኮሪደሩ ስድስት፣ ከውስጥ አምስት። የት ገባ?› ብላ ሳቀች። ከዚያ ‹እንዴ፣ ደህና ዋሉ!› ስትል ሰማሁና ስልኩ ተዘጋ።»

መርማሪው ሁለት ፖሊሶችን መዶሻ አስይዞ ወደ ላይ ላከ። ሦስቱን ሳሎን ሰበሰባቸው። የመዶሻው ድምፅ ጣራውን አልፎ ይመጣል፤ በተመታ ቁጥር አሮጊቷን ይሰቀጥጣቸዋል።

«ሟቿ ጫማዋን አውልቃ ነበር» አለ መርማሪው። «ልስኑን የረገጠችው በካልሲ ነው። እንግዲህ ታኮውን ያጠለቀላት ሌላ ሰው ነው፤ አንሸራተታት ለማለት።»

«እኔን ምን አገባኝ?» አለ አማችየው። «ገዢውን ጠይቀው!»

«ገዢው ስልኩን ያነሳው አርባ ተማሪ ፊት ነው። እማማ ደረጃ አይወጡም። ሜትሩንም የደበቀው ሰው መለካት የሚባል ነገር ማንም እንዳያስብ ፈልጎ ነው። ከውጭ ስድስት የሆነ ክፍል ከውስጥ አምስት ከሆነ፣ ግድግዳ ተጨምሮበታል ማለት ነው። ደላላዋ ይህን ደርሳበት ልስኑን ስትፈቀፍቅ ነው የተያዘችው። እማማ፣ ያንን ክፍል ማን አደሰው?»

«እሱ ነዋ። ልጄ የሄደች ሰሞን፣ ትዝታዋ እንዳይረብሸኝ ብሎ በገዛ እጁ…»

ከላይ መዶሻው ቆመ። አንዱ ፖሊስ ደረጃው አናት ላይ ብቅ አለ። ባርኔጣውን አወለቀ።

አሮጊቷ ወደ አማቻቸው ዞሩ። ከልጃቸው እኩል ያጎረሱት፣ ያመኑት ሰው ነው።

«ያንን ሁሉ መልእክት ማን ነበር የሚጽፈው?»

አቀረቀረ። «ልትሄድብኝ ነበር» አለ። መርማሪው እጁን ያዘው።

አሮጊቷ ብድግ አሉ። መምህሩ ሊደግፋቸው ቢጠጋ እጁን ገፉት። የደረጃውን መደገፊያ ጨብጠው የመጀመሪያውን ረገጡ። ሁለተኛውን ረገጡ። ይቅርብዎ ለማለት ማንም አልደፈረም።

«መጣሁ» አሉ ወደ ላይ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ።»