የነዳጁን ጎማ ማን ነቀለው?

ስለ መንፈስ፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ምናምን ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ቸርች ውስጥ እንኳ አንዱ ራእይ አየሁ ብሎ ማይክ ሲይዝ ሰዓቴን ነው የማየው፣ ባለቤቴ ምሕረት በዚህ ስንት ጊዜ ቆንጥጣኛለች መሰለህ። አሁን የምነግርህንም ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ እስቅበት ነበር። ግን እዚሁ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከተማ፣ በራሴ ቤት፣ በራሴ ጋራዥ ውስጥ ነው የደረሰብኝ፣ ምን ልበልህ።

ክሪስታል ከተማ የሚኖረው ጓደኛዬ አብዲ በሰመሩ፣ በሙቀቱ ወራት፣ አግባብቶኝ አንድ አሮጌ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ በጋራ ገዛን፣ ሞተሩ ግን አሳራችንን አበላን፣ እሺ ብሎ ይነሳና ሐይቁ መሃል ስንደርስ ጭጭ ይላል፣ ከዚያ እየቀዘፍን እንመለሳለን። አብዲ ጠያይቆ ችግሩ ካርቡሬተሩ ነው አለ፣ የከረመ ቤንዚን ውስጡ ደርቆ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። ዊንተር ሳይገባ እኔ ላጸዳውና ለብርዱ ላዘጋጀው ተስማማን፣ እሱ ሥራ ስለነበረው በስልክ አስረዳኝ፣ ፍታው፣ እጠበው፣ ግጠመው፣ ከዚያ ቤንዚን እንዳይበላሽ የሚያደርገውን መድኃኒት ጨምረህ ሞተሩን አስነሳና ትንሽ አቆየው፣ መጨረሻ ላይ ከታንኩ ወደ ሞተሩ ቤንዚን የሚወስደውን የነዳጁን ጎማ ንቀልና ውስጡ የቀረውን ጨርሶ ራሱ ይጥፋ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞተሩን እንጨት ላይ ሰቅዬ እንዳይግል እግሩን ውኃ የሞላ ትልቅ የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ነከርኩት። ካርቡሬተሩን አጥቤ ገጠምኩና ገመዱን ስስብ ስስብ ላብ በላብ ሆንኩ። ምሕረት በውስጥ በኩል ብቅ ብላ ላቤንና የተከፈተውን የጋራዥ በር አየች፣ ብርድ ይመታሃል ብላ ተቆጣች። እኛን ታውቀን የለ፣ በሙቀት ተቃጥለን የመኪና መስኮት የማናስከፍት ሰዎች ነን። በሩን ዘጋሁት፣ ይባስ ብዬ ከሥሩ ንፋስ እንዳይገባ አሮጌ ፎጣ ወተፍኩበት። እሷም ከጋራዡ በላይ ወዳለው መኝታ ቤት፣ ሕፃኗ ልጃችን ወደተኛችበት ተመለሰች። ሞተር የሚያስነሳ ሰው በር ይዘጋል ወይ በለኝ፣ ልክ ነህ፣ ግን ያን ሰዓት ሁለታችንም የፈራነው ብርዱን ብቻ ነበር።

ሞተሩ ተነሳልህ፣ ድምፁ ደስ ሲል። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና በራሴ እየኮራሁ ሳዳምጠው ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። ካርቡሬተሩን ረግሜ ጎንበስ ስል የነዳጁ ጎማ ወለሉ ላይ ወድቋል። በደንብ ሳልሰካው ቀርቼ ነው አልኩና ቀጭ እስኪል ሰክቼ አስነሳሁት። ደግሞ ጠፋ። አሁንም ጎማው ተነቅሏል፣ ያውም የወደቀው ሞተሩ ሥር አይደለም፣ በሩ ጋ፣ ፎጣው ላይ ተጋድሟል። ራሴን ሲያመኝ ይታወቀኛል፣ ግን ያጠብኩበት ኬሚካል ነው ብዬ ናቅኩት።

ለሦስተኛ ጊዜ ሰካሁትና ዓይኔን ሳልነቅል አየው ጀመር። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። እመነኝ፣ እንቅልፍ ቢለኝም ዓይኔ ክፍት ነበር፣ ጎማውን የሚይዘው መቆለፊያ አንድ ሰው በአውራ ጣቱ እንደተጫነው ቀስ ብሎ ዝቅ ሲል አየሁ፣ ቀጭ አለ፣ ጎማው ወደቀ፣ ሞተሩ ተንተባትቦ ጸጥ። አጠገቤ ማንም የለም።

ፎጣውን በእግሬ ገፍቼ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ብርዱ ፊቴን ሲመታው ሣሩ ላይ ተንበርክኬ አስመለሰኝ፣ ያኔ ነው የገባኝ። ጭሱ። ልጄ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ምሕረት ራሷን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ልጅቷ ተኝታለች። አንስቼ ነቀነቅኳት፣ ዝም አለች፣ ደግሜ ነቀነቅኳት። ከዚያ ጮኸች፣ አቤት አጯጯኋ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ለቅሶ የለም። በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወደ ውጭ ሮጥን፣ የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው ቤቱን አናፈሱ፣ ሐኪም ቤትም ሦስታችሁም ደህና ናችሁ ተባልን። ኮሪደሩ ላይ እንደ ልጅ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ወደ ቤት ስንመለስ ምሕረት መኪና ውስጥ ዞር ብላ አየችኝ።

"እንግዳህን ግን ምንም ሳታቀምሰው ነው የሸኘኸው?"

"የምን እንግዳ?"

ታች የነበረው ሰውዬ አለች። አብዲ መስሏት ሻይ ላፍላለት ብላ ለመነሳት ስትታገል ነበር፣ ሰውነቷ አልታዘዝ ብሏት ነው የቀረችው። ሲያስል ሰምታዋለች፣ ሳል ብቻ፣ ያስላል ያስላል፣ ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ያስላል። አብዲ ያን ቀን ከክሪስታል ንቅንቅ አላለም። እኔ ደግሞ አንዴም አላሳለኝም።

አብዲ አልሐምዱሊላህ በልና አርፈህ ተቀመጥ ብሎኛል፣ ፓስተራችን መልአክ ነው ብሎኛል። ልጄ ስትስቅ በሰማሁ ቁጥር አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው፣ ማንም ይሁን ማን። መልአክ ከሆነ እሰየው። ግን እስቲ አንተው ንገረኝ፣ መልአክ ያስለዋል እንዴ?