ስድስት ክንድ ተኩል

«ስድስት ክንድ ተኩል!» አለ አባባ ቾም፣ የቀርከሃውን ዘንግ ከድልድዩ ሆድ እያወረደ። «እናልፋለን። ግማሽ ክንድ ትርፍ አለን።»

የልጅ ልጁ ፓይሊን ታንኳዋን በመቅዘፊያ ይዛ ቀና አለች። ትናንት ከውሃው በላይ ይታይ የነበረው የድልድዩ ጥቁር መስመር ዛሬ የለም። ከላይ ያለውን ግድብ ከፍተውታል። ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ የአዩታያን ከተማ ዙሪያዋን ይዟታል።

«አባባ፣ እየሞላ እኮ ነው።»

«ወንዝ አይደል? ምን ያድርግ ታዲያ?»

ይህ ጠዋት ነበር።

አመሻሹ ላይ አባባ የሚነዳት ትልቋ ጀልባ ወደዚያው ድልድይ ጉዞ ጀመረች። ድሮ ሩዝ ታመላልስ ነበር፤ ዛሬ ስምንት ሽማግሌና አሮጊት እንግዶች ታንሸራሽራለች። ምግቡ፣ መጠጡ፣ መታሸቱ፣ የፈራረሱት ቤተ መቅደሶች ጉብኝት፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ ተካቷል። የጀምበር መጥለቅም ተካቷል። ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ዎራዊት ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያየው ለዚህ ነው፤ ጀምበሯ ብታረፍድ እሱ የሚጠየቅ ይመስለዋል።

ፓይሊን ትናንት በስልክ ሲያወራ ሰምታዋለች። «ባንኮክ አንድ ወጣት አግኝቻለሁ፤ የምስክር ወረቀት አለው። ሽማግሌው አንድ ስህተት ይሥራ እንጂ...» አባባ ከተባረረ፣ ከሞተሩ ጀርባ ያለችው የሚያድሩባት ክፍልም አብራ ትሄዳለች።

«ፋኖሶቹን በእኩል ርቀት ስቀዪያቸው» ብሏት ነበር ጋሽ ዎራዊት። የጀልባዋን አዲስ ጣሪያ የሠራው አናጢ ሜትሩን ረስቶ ሄዷል። ፓይሊን ፋኖሶቹን ሰቅላ ስትጨርስ፣ ሥራ ስለፈታች ብቻ፣ ሜትሩን አባባ ዘንጉ ላይ በምስማር በጫራቸው ምልክቶች መካከል ዘረጋችው።

አርባ አራት።

እንደገና ለካች። አርባ አራት። ትምህርት ቤት የተማረችው ክንድ ግን ግማሽ ሜትር ነው፤ አምሳ።

የአባባ የመሃል ጣት ግማሹ የለም፤ ልጅ እያለ ገመድ ወስዶታል። ክንዱን የሚለካው ከክርኑ እስከዚያች ጉማጅ ነው። አርባ ዓመት ምንም አልሆነም፤ ጀልባዋንም ድልድዩንም የሚለካው በዚያው ክንድ ነበራ። አዲሱን ጣሪያ ግን አናጢው ነው በሜትር የለካው፤ ከውሃው እስከ ጫፉ ሦስት ሜትር። ለአባባ «ስድስት ክንድ» ብለው ነገሩት።

ፓይሊን ጣቶቿን እያጠፈች አሰላች። ድልድዩ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ስድስት። ያውም የጠዋቱ።

ወደ መሪው ሮጠች።

«አባባ» አለች በጆሮው፣ «ክንድህ አጭር ነው።»

«ሰባ ዓመቴ ነው፤ ያላጠረ ምን ቀረኝ?»

«እየቀለድኩ አይደለም! ዘንጉን በሜትር ለካሁት። እያንዳንዱ ክንድ ስድስት ሳንቲም ይጎድለዋል።»

«ይሄ ክንድ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ያንን ድልድይ ያውቀዋል።»

«ጣሪያውን ግን አያውቀውም።»

አባባ ወደ ድልድዩ አቅጣጫ አየ። መሪውን የያዘበት እጁ ላይ ጅማቶቹ ተገተሩ።

አጠገባቸው የቆመው ጋሽ ዎራዊት ስልኩን ከጆሮው አነሳ። «ምንድን ነው?»

«ምንም፣ አለቃ» አለ አባባ ፈጠን ብሎ። «ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ወሬ ይበዛባቸዋል።»

«ይበዛባቸዋል» አለ ጋሽ ዎራዊት፤ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሳቁን ተወው። «ችግር ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ። ከመታጠፊያው በኋላ እንግዶቹ ፊት ድራማ አልፈልግም።»

የወንዙ መታጠፊያ ተቃርቧል። ከዚያ ወዲያ ድልድዩ ነው፤ ውሃው ከኋላ እየገፋ፣ ጀልባዋ ብትፈልግም መቆም አትችልም። ከጣሪያው ሥር ብርጭቆ ሲጋጭ ተሰማ። አንዲት አሮጊት የብረቱን ቋሚ ተደግፋ፣ ፀሐይዋ ወደምትወርድበት እያመለከተች ትስቃለች።

አባባ ወደ ፓይሊን ዞረ። አልተቆጣም። ዓይኑ የሚለምን ነበር፤ ፓይሊን አያቷ ሲለምን አይታ አታውቅም። ዝም ካለች ምናልባት ውሃው ትንሽ ጎድሎ ይሆናል። ምናልባት። የዳርቻውን ዛፎች አየች፤ ሥሮቻቸው አይታዩም፣ ግንዳቸው ከውሃው ነው የሚበቅል የሚመስለው።

ሜትሩን አነሳች። ለአባባ አልሰጠችውም። ለጋሽ ዎራዊት ዘረጋችለት።

«ዘንጉ እዚያ ነው ጋሼ፤ ራስዎ ይለኩት። ጣሪያው አያልፍም። ለካሁ ያልኩትን ካላመኑኝ እንኳ መጀመሪያ ሰዎቹን ያውርዷቸው።»

የዘረጋችው እጇ አልታጠፈም።

ጋሽ ዎራዊት ሜትሩን ተቀብሎ ገና ሳይዘረጋው፣ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ። አባባ ቾም ማንንም ሳያይ መሪውን ወደ ዳርቻው ማዞር ጀምሮ ነበር።