በየትኛው ሀ ሞቱ?

አቶ ኃይለሚካኤል በልደታው ክሊኒክ፣ የፔኒሲሊን መርፌ በተወጉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሞቱ። የወጋቻቸው ነርስ ሳዲያ ነበረች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምንም አልተሰማትም፤ ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች፣ እንባው ግን የለም።

ኢንስፔክተር ወለተሰንበት ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። «ከመውጋትሽ በፊት ፋይላቸውን አይተሻል?»

«አይቻለሁ። በትኩሳት ይቃዡ ስለነበር መጠየቅ አልቻልኩም። ኮምፒውተሩ ላይ ስማቸውን ጻፍኩ፤ ‹የማይስማማው መድኃኒት የለም› አለኝ።»

«ውሸት!» አሉ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ሚደቅሳ። «አቶ ፍሰሐ፣ እስቲ ያሳዩዋቸው።»

የካርድ ክፍሉ ሽማግሌ አቶ ፍሰሐ በዚያው ኮምፒውተር ስሙን ጻፉ። ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ ፔኒሲሊን ፈጽሞ እንዳይሰጥ። ሳዲያ አየችው። እስር ቤት እንደሚያስገባት ገባት፤ ግን የሌላ ሰው ጉዳይ መሰላት።

ክሊኒኩ የታማሚዎችን ፋይል የሚያይበትን ድረ ገጽ የሠራው ቤኪ ላፕቶፑን ታቅፎ ከአብነት ሰፈር መጣ። ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ሰብስበው ወረቀት አደሉ። «የሟቹን ስም ጻፉልኝ።»

ወረቀቶቹን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። «አቶ ፍሰሐ፣ የእርስዎ ሀ ከሳዲያ ሀ ይለያል።»

«ኃይል በብዙኃኑ ኀ ነዋ! የቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው በሌላ አይጽፈውም።»

«አንቺስ?»

«እኔ የምጽፈው በሃሌታው ሀ ነው» አለች ሳዲያ። «ሲነበብ ያው ነው።»

«ለጆሮ ያው ነው። እስቲ እንደ ልማድሽ እዚህ ጻፊው።» ሳዲያ በክሊኒኩ ኮምፒውተር ጻፈች። ‹የለም› አለ። ኢንስፔክተሯ ወደ ላፕቶፑ ጠቆሙ። «አሁን እዚያ ጻፊው።» ቀዩ ጽሑፍ መጣ።

«አየሽ፣ አልዋሸሽም» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ቤኪ፣ አንተ ጋ ኖሮ ክሊኒኩ በሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ የሌለ ምን አለ?»

ቤኪ ሁለቱን የፋይል ዝርዝሮች ጎን ለጎን ከፈተ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሦስቱን ሀ አንድ አድርጋ የምታነብ ትንሽ ፋይል ነበረች። ሰርቨሩ ላይ... አልጫንኳትም።»

«ፋይሏ ስትጠፋ ገጹ ስህተት አለ ብሎ አይጮህም?»

«የስህተት መልእክቱን ዘግቼዋለሁ። ለደንበኛ ያስጠላል።»

አቶ ፍሰሐ አቋረጡት። «ባለፈው ወር ስም ይጠፋብናል ብዬ ደውዬልህ የለም? ምን አልከኝ?»

«እኔ ጋ ይሠራል አልኩ» አለ ቤኪ በቀስታ።

«ሰውየው የሞቱት ግን አንተ ጋ አይደለም» አሉ ኢንስፔክተሯ። ወደ ዶክተሩም ዞሩ። «እርስዎም የድሮውን የወረቀት ካርድ ቆልፈው ነርሶቹን በኮምፒውተሩ ብቻ ያሠሩት እሱን አምነው ነው። ሁለታችሁም ጣቢያ ትመጣላችሁ። ሳዲያ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ ልጄ፤ ነጻ ነሽ።»

ሳዲያ ነጻ መሆኗም አልተሰማትም። ጆሮዋ ላይ የቀረው ‹ሦስቱን ሀ› የሚለው ብቻ ነው። ስሟ በሀ የሚጀምር ሌላ ታማሚም ተኝታለች። ድንገት ብድግ ብላ ወደ መኝታ ክፍሉ ሮጠች። ተተኪዋ ነርስ ቢልቂስ ጥግ ካለው አልጋ አጠገብ ፔኒሲሊን በመርፌ ስባ ቆማለች።

«ለማን ነው?»

«ለሀያት። ኮምፒውተሩ ላይ አየሁ፣ ምንም የላትም።»

ሳዲያ የቢልቂስን ክንድ ያዘች፣ ወደ ታማሚዋም ጎንበስ አለች። «ሀያትዬ፣ የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?»

«ፔኒሲሊን» አለች ሀያት። «ለሽማግሌው ነግሬያቸው ጽፈውት ነበር እኮ።»

ያኔ ሳዲያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ የሀያትን እጅ እንደያዘች፣ ለአቶ ኃይለሚካኤል አለቀሰች።