የወልደሰማያት ተረከዝ

መጀመሪያ የተሰማው ድምፁ ነው። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፤ ተረከዝ የሳንቃ ወለል ሲመታ።

ሰርቦ ዳር ባለው የአቶ ወልደሰማያት የቡና ግቢ ይህን ድምፅ የማያውቅ አልነበረም። ሽማግሌው ማንንም በስሙ አይጠሩም፤ አፋቸውን ያኖሩት ለስድብ ብቻ ነበር። ውሃ ሲጠማቸው፣ ትራስ ሲጎረብጣቸው ተረከዛቸውን ወለሉ ላይ ይደልቃሉ፤ የሰማ ሁሉ ይሮጣል። ያን ቀን ረፋድ ላይ ግን ድልቂያው ረዘመ፣ ፈጠነ፣ ተዘበራረቀ፣ ከዚያም ጸጥ አለ። ማንም አልሮጠም። ቆይተው ሲገቡ ሽማግሌው ከወንበራቸው ተንሸራተው፣ ለሀጫቸው ደረታቸውን አርሶት፣ ሁለት እግሮቻቸው በፌስታል እንደተጠቀለሉ ሞተው ተገኙ።

ኢንስፔክተር ነጅላ ከጅማ ስትደርስ ገዳይ የተባለችው ተይዛ ጠበቀቻት። ሳቢሃን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር በጆንያ ገመድ አስረዋታል። ሳቢሃ በግቢው ቡና ለቃሚ ናት፤ የሰውን ሙጀሌ የምታወጣውም እሷ ነበረች። አጠገቧ ሴት ልጇ ሀያት መሬት ላይ ተቀምጣለች። የሀያት ጣቶች በሙጀሌ ተበልተው ጥፍር አልቀረላቸውም፤ ካልታዘለች የትም አትሄድም።

«እኔን ከወሰዱኝ ይቺን ማን ያነሳታል? ማሎ፣ እባክሽ፣ እሱን ብቻ ንገሪኝ» አለች ሳቢሃ።

የሟች ልጅ ፍሬዘር ማብራሪያውን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር የሚኖር፣ ሸራ ጫማው ነጭ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት ነው። እያወራ አውራ ጣቱን በስልኩ ጠርዝ ያክካል።

«አባባ ሙጀሌ ይዟቸው ነበር» አለ። «ጠዋት ይቺ ሴትዮ አወጣችላቸውና ቁስሉን በላምባ ጠረገችው። ላምባው ውስጥ ግን የከብት መዥገር መርዝ ጨምራበታለች። ጠርሙሷን ያሽትቱት። ልጇ የሽባ ያህል የሆነችው በአባባ ምክንያት ነው ብላ በየሰፈሩ ስታወራ የኖረች ናት።»

ነጅላ አሸተተች። ውሸት አልነበረም፤ ጠርሙሱ መርዝ መርዝ ይሸታል። ደግሞም እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ወደ ክፍሉ ገብታ የሟችን ዓይን ገለጠች፤ ብሌኑ ጠቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል፤ የመርዝ ምልክት ነው። ፌስታሉን ፈታች። ከስሩ ወፍራም ቅባት አለ፤ እሱም ያው ይሸታል።

ወጥታ ሳቢሃ ፊት ቁጢጥ አለች። «ሙጀሌ እንዴት ነው የምታወጪው?»

ሳቢሃ ሻሿ ላይ የተሰካውን መርፌ ቁልፍ በአገጯ አመለከተች። «በእሳት ካስነካሁት በኋላ ዙሪያውን እፈለፍላለሁ። ከረጢቱ ሳይፈርጥ መውጣት አለበት፣ ከፈረጠ ይመረቅዛል። ከዚያ ላምባ በጥጥ። በቃ።»

«ትጠቀልይዋለሽ?»

«ወላሂ ጠቅልዬ አላውቅም። ቁስል ንፋስ ይፈልጋል።»

«ላምባሽ ምን ያህል ነበር?»

«ከግማሽ በታች። ስንቱ እግር አለቀበት። ጠርሙሱንም እዚያው ክፍላቸው ውስጥ ረስቼው ወጣሁ።»

«ጥጡንስ ምን አደረግሽው?»

«ከነሙጀሌው እዚያ ወረወርኩት። እስኪይዙኝ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ዶሮዎቹ ይሻሙበታል፣ ከረጢቱን ይወዱታል።»

ነጅላ ዞር ብላ ዶሮዎቹን አየች። ከደረጃው ስር ጥጡን እየጎተቱ ይጣላሉ። አንዱም አልተንገዳገደም።

የሟች ሚስት እትዬ ብርሃንነሽ ማድ ቤት ነበሩ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ዓይናቸው ግን ደረቅ ነው። አንድ ጣታቸው በጨርቅ ታስሯል። ፍሬዘር የእንጀራ ልጃቸው ሲሆን፣ ባለፈው በዓል አባቱ በሰው ፊት ግቢውን ለሚስታቸው እንደሚያዛውሩ ተናግረው እሱን «አንተ በባዶ እግርህ ሂድ» እንዳሉት ሳይደብቁ ነገሯት።

«እግራቸውን የጠቀለላቸው ማን ነው?» አለች ነጅላ።

«እሱ ነው እንጂ። ሳቢሃ ስትጨርስ ከጅማ ያመጣውን ቫዝሊን ቀባቸው። ሙጀሌ አየር ካጣ ታፍኖ ይሞታል አለ። ልጄ፣ በጓንት ነው የቀባቸው። ወልዴም ‹የቁም እግሬን ከተጸየፍክ ሬሳዬን በምን ልትነካው ነው› አሉት።»

«ተረከዛቸውን ሲደልቁ አልሰሙም?»

«ሰማሁ። ፍሬዘር ዛሬ እኔ አለሁላቸው፣ ሲጠሩ እንዳትሄዱ ብሎን ነበር። ብሄድም እሰደባለሁ፣ ብቀርም እሰደባለሁ። ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ።» የታሰረ ጣታቸውን አዩት። «ድምፁ ሲቋረጥ ደንግጬ ቆረጥኩት።»

ነጅላን የከነከናት ሌላ ነገር ነበር። የተሰጣውን ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና፣ ጫማ እንዳያደቀው ተብሎ በግቢው ሠራተኛ ሁሉ ባዶ እግሩን ነው። ጫማ ከደረጃው ስር ተደርድሮ ይውላል፤ ሙጀሌ የሚገባባቸውም ለዚህ ነው። ጫማ ቢፈቀድ፣ ማታ ማታ እግር በሳሙና ቢታጠብ ሀያት ዛሬ ትሮጥ ነበር። ወልደሰማያት ግን ከቦት ጫማቸው ወርደው አያውቁም። ታዲያ ሙጀሌው ከየት መጣባቸው?

ቦቱን ከአልጋው ስር አወጣችና ጋዜጣ ላይ አራገፈችው። ደቃቅ አፈር ወረደ። አፈሩ ውስጥ የፍየል በጠጥና የፍየል ጸጉር ነበር።

ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። አብሯት የመጣው ፖሊስ ደረጃው ላይ ቆመ። የሳቢሃ እጅ ገና አልተፈታም።

«ከጠርሙሱ ልጀምር» አለች ነጅላ። «ጠዋት ከግማሽ በታች የነበረ ላምባ ቁስል ከተጠረገበት በኋላ እንዴት ይሞላል? አንድ ሰው በኋላ መርዝ ጨምሮበታል። ጠዋት ላምባው መርዝ ቢኖረው ኖሮ ጥጡን የለቀሙት ዶሮዎች ዛሬ ሬሳ ነበሩ።»

ሁሉም ወደ ዶሮዎቹ ዞሩ።

«መርዙ ቅባቱ ውስጥ ነበር። አዲስ የተፈለፈለ እግር ወንፊት ማለት ነው፤ በላዩ ፌስታል ሲታሰርበት ሁሉንም ወደ ውስጥ ይጠጣዋል። ቅባቱን የቀባው ፍሬዘር ነው።»

«ቫዝሊኑ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አለ» አለ ፍሬዘር ረጋ ብሎ። «ይመርመር።»

«የጠረጴዛውን አሽትቼዋለሁ፣ ንጹህ ነው። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። ጓንት ያደረግኸው ለምንድነው?»

«ሙጀሌ እፈራለሁ። እኔ እዚህ አፈር ነክቼ አላውቅም።»

«ቶሌ፣ እሺ» አለች ነጅላ። «በአባትህ ቦት ውስጥ ሙጀሌ የሚራባበት የፍየል ጋጣ አፈር አገኘሁ። መድኃኒቱ እንዲመጣ በሽታው መቅደም ነበረበት፤ ከሳምንታት በፊት ሙጀሌውን ዘርተህ አሳደግክላቸው። ጥፋቱን የምትሸከም ሴትም ተዘጋጅታ ነበር። እንግዲህ ሁላችሁም አሳዩኝ።»

ብርሃንነሽ ነጠላ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ።

«እግር አይደለም» አለች ነጅላ። «እጅ።»

ብርሃንነሽ ጨርቁን ፈቱ፤ የቢላ ቁስል ነው። ፍሬዘር እጁን ኪሱ ከተተ። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው። በአውራ ጣቱ ጥፍር ጥግ፣ ሲያክከው የዋለው ቦታ ላይ፣ ነጭ ከረጢት አብጧል፤ መሀሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። ነጅላ ጣቱን ሳቢሃ ፊት አቀረበችው።

«ምንድነው ይሄ?»

ሳቢሃ ብዙ አላየችውም። «ሙጀሌ ነው። ደርሷል።»

«ለመርዙ ጓንት አስታወስክ» አለችው ነጅላ። «አፈሩን ስትዘግን ግን ረሳህ።»

ፍሬዘር መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ የእንጀራ እናቱን እያየ አባቱ በሠራተኛ ፊት ጫማውን አስወልቀው ጀንፈል ላይ ያንበረከኩት ጊዜ እንደነበር ተናገረ። በካቴና ታስሮ ሲወርድ አሁንም ጣቱን በብረቱ ጠርዝ ያክክ ነበር።

ነጅላ የሳቢሃን ገመድ በራሷ እጅ ፈታችው። ገመዱ አንጓዋን ልጦታል።

«አንድ ነገር ቀረኝ» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። «እትዬ ማድ ቤት ነበሩ። አንቺ ግን እዚህ ደረጃው ላይ ነበርሽ፣ በሩም ገርበብ ብሎ ነበር። ድልቂያው የጥሪ አለመሆኑን ጆሮሽ ያውቀዋል። ለምን አልገባሽም?»

ሳቢሃ መርፌ ቁልፏን ሻሿ ላይ አስተካክላ ሰካች። ሀያትን አንስታ አዘለቻት። ከደረጃው ስር ከተደረደሩት ጫማዎች መሀል የራሷን ኮንጎ ጫማ መረጠችና ተጫማችው። ግቢው ዳር ዳሩን የሚያዞር መንገድ ነበረው፤ እሷ ግን በቀጥታ በተሰጣው ጀንፈል ላይ ሄደች። ፍሬው ከጫማዋ ስር ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ተሰባበረ። ሳትዞር በሩን አልፋ ወጣች።