የንጉሡ እንባ ድንጋይ

«ንጉሡ ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህች ድንጋይ ላይ አለቀሰ። ይኸው፣ እንባው የቦረቦረው» አለ ቀዳጁ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። ለእንግዳዋ በቋንቋዋ ነገራትና ዞር ብሎ ጭምትን ጠቀሳት።

ቀዳጁ ከጭምት ጋር አንድ ክፍል ይማራል፤ ከትምህርት መልስ አደባባዩን ያስጎበኛል። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት፣ የእሷን ደግሞ እሱ። ይህ የሆነው አምና ነው፤ ተረቷን ሲፈጥር ጭምት አብራው በሳቅ ፈርሳለች። ማን ሞኝ ያምናል ብለው ነበር። እንግዳዋ አመነች። አገሯ ገብታም «ካየሁት አደባባይ ሁሉ የምወደው» ብላ ጻፈች። ያነበበ ሁሉ ድንጋዩን ሊያይ ይጎርፍ ጀመር፤ አስተዳደሩም በሰንሰለት አጠረውና ፊሽካ ያለው ዘበኛ አቆመበት።

እዚያ የሚቀመጠውንም ሰውዬ አስነሱት። ሰውዬው የጭምት አባት ነው። ከአባቱ በተረከበው በዚያ ድንጋይ ላይ ውሃ እያርከፈከፈ የሰፈሩን ቢላዋ ሁሉ ሲስል ኖሯል። ድንጋዩን የቦረቦረው ቢላዋ ነው እንጂ የማንም እንባ አይደለም። አሁን ከሕዝብ ሽንት ቤቱ ጀርባ ተቀምጦ ዝንብ ያባርራል።

እንግዳዋ ዘንድሮም ተመልሳ መጥታለች፤ ነገ ከከንቲባው ጋር ምሳ ትበላለች።

«ንገርልኝ» አለች ጭምት። «ድንጋዩን እንዲህ ያደረገው አባቴ ነው በላት። ነገ ከንቲባውን ትለምንለት።»

«አበድሽ እንዴ? እኔስ ምን ልበላ?»

«እኛ ምን እየበላን ነው?»

ቀዳጁ አንገቱን አከከ። «እሺ በቃ። ለአባትሽ ስል።»

ድንጋዩ አጠገብ ወደቆመችው እንግዳ ዞሮ ብዙ ተናገረ። ድንጋዩን አሳየ፣ ጭምትን አሳየ፣ ቀጥሎ ሰማዩን አሳየ። ሰማዩ ምን ሊሠራ እንደመጣ ጭምት አልገባትም። የእንግዳዋ ዓይን እንባ ሞላ። መጥታ አቀፈቻት፤ ጎንበስ ብላም እጇን ሳመች።

«ምን አልካት?»

ቀዳጁ ጫማውን አየ።

«ምን አልካት አልኩህ።»

«ከንጉሡ ዘር የተረፈችው ይህች ልጅ ብቻ ናት አልኳት። ስሚ፣ አትቆጪ። ከእንግዲህ አብረን እንሠራለን። አንቺ ማልቀስ ብቻ ነው።»

እንግዳዋ ካሜራዋን አውጥታ፣ ድንጋዩ ጋ ቁሚልኝ እያለች በእጇ ለመነቻት። ዘበኛው ተሽቀዳድሞ ሰንሰለቱን ፈታ። ለአባቷ አንድ ቀን ተፈትቶ አያውቅም።

ጭምት አልገባችም። ጀርባዋን ሰጥታቸው ወደ ሽንት ቤቱ ኋላ ዞረች። አባቷ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል።

«አባዬ፣ ቢላዋህን ያዝና ተነስ።»

«ወዴት?»

«ቦታህ ላይ ቁጭ ብለህ ልትስል።»

«ዘበኛው ያባርረናል እኮ፣ የኔ እናት።»

«ያባርረን። ሴትዮዋ እያየች ያባርረን።»

የውሃውን ጣሳ አነሳችና ፊት ፊት ሄደች።