ፍልፈል የተባለው ሰውዬ

ኢዚዶር ቦግናን ያወቃት የቀይ ስር ሾርባ ስትደፋበት ነው፤ ፖላንድ፣ ፖዝናን ከተማ ውስጥ፣ ትራም ፌርማታው አጠገብ ባለው ፒዬሮጊ ቤት። ሾርባው ነጭ ሸሚዙን አልፎ ልቡን አቀላው ብል ማን ያምነኛል? እኔ ግን ጎን ካለው ጠረጴዛ አርባኛውን ፒዬሮጊ፣ ያን በሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ጉርሻ፣ እየዋጥኩ በዐይኔ አይቻለሁ።

«ውይ ሸሚዝህ! ይቅርታ!»

«ተይው ባክሽ፤ ቀለም ያንሰው ነበር።»

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው እዚያው ይገናኙ ጀመር። ይተያያሉ፣ ፒዬሮጊው ይቀዘቅዛል።

ኢዚዶር ግን ሌላ ሕይወትም ነበረው። «የጨው መንግሥት» የሚባል የድሮ የኮምፒውተር ጌም ተጫዋቾች የሚጨቃጨቁበት የኢንተርኔት መድረክ በር ጠባቂ ነው፤ ማን ይግባ፣ ማን ይባረር የሚለው በእሱ እጅ ነው። ያ ሕዝብ ደግሞ «ፍልፈል» በሚባል ሰው የተነሳ ለሁለት ተሰንጥቋል። ፍልፈል የጌሙን ሆድ ዕቃ፣ ኮዱን፣ ከፍቶ ይቀይራል። ግማሹ «ጠጋኛችን!» ይለዋል። ግማሹ «ነካኪ! የሰው ሥራ የሚያበላሽ ሌባ!» ይለዋል። በዚህ ጠብ አንድ ቄስ ስብከቱን አቋርጦ ወገን ለየ ተብሎ ይወራል፤ ያስወራሁት እኔው ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ኢዚዶር አፉን ሞልቶ ጀመረ።

«ያንን ፍልፈል የሚሉትን ነካኪ ለዘላለም ያባረርኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው እኮ አያፍርም! የጌሙን ወንዝ ሳይቀር አዞረው!»

የቦግና ፊት ቀላ። «ወንዙ ሽቅብ ነበር እኮ የሚፈሰው።»

«ይፍሰሳ! ማን ንካው አለው?»

«ሁለት ክረምት የለፋሁበትን! እኔ ነኝ የሠራሁት!»

በፖላንድኛ «ሠራሁ» ሲባል ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት በቃሉ መጨረሻ ይለያል። ቦግና ያወጣችው የወንዱን ነው። መድረኩ ላይ ለዓመታት እንደ ወንድ ስትጽፍ ኖራ፣ ስትናደድ ምላሷ ያንኑ ተፋው።

ኢዚዶር ሊስቅ ነበር። ከዚያ ሹካው ከእጁ ወደቀ።

«ፍልፈል... አንቺ ነሽ?»

«ነካኪዋ። ሌባዋ። ስድብህን ሁሉ አንብቤዋለሁ፤ የማን እንደሆነ ነበር ያላወቅኩት።»

«አሁኑኑ እገዳውን አነሳልሻለሁ!»

«ስለምትወደኝ? አልፈልግም።» ኮቷን አነሳች። «ለመሆኑ የሠራሁትን ተጫውተኸው ታውቃለህ?»

ኢዚዶር የወደቀውን ሹካ ለማንሳት ጎንበስ አለ።

«አንዴም?»

«አንዴም።»

«እንግዲያው ሳትጫወተው እንዳትፈልገኝ።»

ኢዚዶር ልጥላት ወይስ ልከተላት እያለ፣ በተሳሳተ ትራም ተሳፍሮ የከተማው ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ቤቱ ገብቶ የፍልፈልን ሥራ ከፈተ።

ጌሙ ውስጥ ጉድጓድ ውኃ አጠገብ ቆማ የምታለቅስ ሴት አለች። ባሏ በጀልባ ሄዷል፤ ወንዙ ሽቅብ ስለሚፈስም መመለሻ የለውም። የጌሙ ፈጣሪዎች ታሪኳን ሳይጨርሱ ስለተዉት፣ ስንት ተጫዋች አልፏት ሄዷል፤ ኢዚዶርም። አሁን ወንዙ ቁልቁል ይፈሳል። ጀልባው መጣ። ሴትየዋ ማልቀሷን አቆመች፤ እሱ ጀመረ።

በማግስቱ መድረኩ ላይ ጻፈ፦ «ሳልጫወተው ነበር የሰደብኩት። ተሳስቻለሁ።» እገዳውንም አነሳ። ምሳ ሳይደርስ ወገኖቹ «ከሃዲ» ብለው ከበር ጠባቂነቱ አባረሩት። ወደ «ጠጋኝ» ባዮቹ ቢዞር «ሰላይ» አሉት።

እየሮጠ ቦግና በር ላይ ደረሰ።

«ሁለቱም አባረሩኝ።»

«አዘንሽልኝ ብለህ አስገቢኝ እንዳትለኝ ብቻ። ተጫወትከው?»

«ተጫወትኩት።»

«ታዲያ ምንድን ነኝ? ጠጋኝ ወይስ ነካኪ?»

«እኔንጃ ቦግና። የሰው ሥራ ነው የነካሽው፤ ልክ አይመስለኝም። ሴትየዋ ደግሞ እንደዚያ ቆማ መቅረቷም ልክ አይደለም። ግራ ገብቶኛል።»

ቦግና ዐይን ዐይኑን አየችው።

«እስከ ዛሬ ሁሉም አውቃለሁ ነበር የሚለኝ» አለችና በሸሚዙ ኮሌታ ስባ ሳመችው።